በተራራ መንገድ ላይ የተሸሸገ ሣጥን

ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር




የቅየሳ ባለሙያ በሥራ ዘመኑ ብዙ ነጥብ ያወጣል። ነጥቡን ለክቶ፣ አስልቶ፣ በመዝገብ አስፍሮ ካስረከበ በኋላ ግን ወደዚያ ነጥብ ማን እንደሚሄድ፣ በየትኛው በኩል እንደሚሄድ፣ ሲደርስም ምን እንደሚገጥመው ብዙ ጊዜ አይጠይቅም። አሠሪውም አይጠይቀውም። ዛሬ የሚነሣው ጉዳይ በመጀመሪያ ሲሰሙት ከዚህ ጉባኤ ጋር የማይሄድ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ነው፤ ይኸውም በዓለም ዙሪያ «ጂኦካሺንግ» እየተባለ የሚጠራው፣ በሳተላይት እየተመሩ የተሸሸገ ሣጥን የመፈለግ ጨዋታ ነው። ሆኖም ጨዋታው የቆመበት መሠረት የቅየሳ ሙያ ከቆመበት መሠረት የተለየ አይደለም። አንድ ሰው ስፍራን በቁጥር ጽፎ ይተዋል፤ ሌላ፣ እርሱ የማያውቀው ሰው፣ ያንን ቁጥር አምኖ ተራራ ይወጣል።

ጨዋታውን ለማያውቁት አባላት ሥርዐቱ በአጭሩ እንዲህ ነው። ደባቂው ውሃ የማያስገባ ሣጥን ያዘጋጅና በውስጡ አንድ ደብተርና እርሳስ፣ ከዚያም ዋጋቸው አነስተኛ የሆኑ ጥቃቅን ዕቃዎች ያኖራል። ሣጥኑን ከቋጥኝ ስንጥቅ ወይም ከዛፍ ሥር ይሸሽግና የስፍራውን ኬክሮስና ኬንትሮስ ለሕዝብ ያስታውቃል። ፈላጊው መሣሪያውን ይዞ ይሄዳል፤ ሣጥኑን ሲያገኝ ስሙንና ቀኑን በደብተሩ ላይ ይጽፋል፤ ከዕቃው ከወሰደ በምትኩ ዋጋው የሚመጣጠን ሌላ ዕቃ ይተካል፤ ከዚያም ሣጥኑን እንደነበረ ይመልሳል። በልጅነቱ ድብብቆሽ ያልተጫወተ ሰው በዚህ አዳራሽ አይገኝም። ልዩነቱ፣ እዚህ የሚደበቀው ሰው አለመሆኑና ደባቂና ፈላጊ ምናልባት ዕድሜ ልካቸውን የማይተያዩ መሆናቸው ነው።

ሐሳቡ ከሳተላይት በፊት የነበረ ነው። (በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በእንግሊዝ አገር በደቡብ ምዕራብ በኩል ዳርትሙር የሚባል፣ ረግረግና ቋጥኝ የበዛበት ደጋ አለ። በዚያ መካከል ክራንሚር ፑል የሚሉት፣ ከመንገድ የራቀ ስፍራ ይገኛል። በ1854 ጄምስ ፔሮት የተባለ የቻግፎርድ ሰው፣ ሥራው እንግዶችን እየመራ ደጋውን ማሳየት የነበረ፣ በዚያ ስፍራ አንድ ጠርሙስ አኖረ፤ እስከዚያ ድረስ በእግሩ የደረሰ መንገደኛም የስም ካርዱን በጠርሙሱ ውስጥ ይተው ጀመር። ከዚያ ወዲህ በዳርትሙር እንዲህ ያሉ የተሸሸጉ ሣጥኖች እየበዙ ሄዱ፤ ዛሬም የሚፈልጓቸው አሉ።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ጠርሙሱን ያኖረው መንገድ መሪው ራሱ ነበር። ስፍራውን የሚያስታውቀው ሰውና እንግዳውን ወደ ስፍራው የሚያደርሰው ሰው አንድ ነበሩ። «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» እንደሚባለው፣ ረግረጉ በየትኛው ወር እንደሚያሰጥም፣ ጉሙ ከየት በኩል እንደሚወርድ የሚያውቀው ሰው ከእንግዳው ፊት ይሄድ ነበር። ኋላ የመጣው መሣሪያ ሁለቱን ለያያቸው። ነጥቡ ብቻውን ይጓዝ ጀመር፤ መሪው ግን ከነጥቡ ጋር አልሄደም።

ይህ የሆነበት ቀን በትክክል ይታወቃል። ጂ.ፒ.ኤስ. የተባለው የአሜሪካ የሳተላይት ሥርዐት ከተሟላ በኋላም ቢሆን ለሲቪል ተጠቃሚ የሚላከው ምልክት ሆን ተብሎ ይዛባ ነበር። በዚህም ምክንያት አንድ ተራ መሣሪያ የሚያሳየው ስፍራ ከእውነተኛው ስፍራ እስከ 100 ሜትር ይርቅ ነበር። የቅየሳ ባለሙያዎች ሁለት መሣሪያ በአንድ ጊዜ በማቆምና ረዘም ያለ ጊዜ በመጠበቅ ይህንን መዛባት እንዴት ያሸንፉት እንደነበር አንጋፋዎቹ አባላት አይዘነጉትም። ተራው ሰው ግን ይህ ዘዴ አልነበረውም። በ1 ሜይ 2000 የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን መዛባቱ እንዲቀር መወሰኑን አስታወቁ፤ በዚያው ሌሊትም ምልክቱ ጠራ። በአንድ ሌሊት ውስጥ በማንም ኪስ ያለ መሣሪያ ከቀድሞው አሥር እጥፍ ያህል ትክክለኛ ሆነ።

ሁለት ቀን አልፎ፣ በ3 ሜይ 2000፣ ዴቭ ኡልመር የተባለ አሜሪካዊ በኦሪገን ግዛት ከፖርትላንድ ከተማ አቅራቢያ ቢቨርክሪክ በሚባል ስፍራ፣ በዱር ውስጥ፣ አንድ ጥቁር የፕላስቲክ ባልዲ አኖረ። በባልዲው ውስጥ ደብተርና እርሳስ፣ መጻሕፍት፣ የቪዲዮ ካሴት፣ ወንጭፍና አንድ ቆርቆሮ ባቄላ ነበር። የስፍራውን ቁጥር ለሕዝብ አስታወቀ፤ ኬክሮስ 45 ዲግሪ ከ17.460 ደቂቃ ሰሜን፣ ኬንትሮስ 122 ዲግሪ ከ24.800 ደቂቃ ምዕራብ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ማይክ ቲግ የተባለ ሰው ደርሶ አገኘው። በዚያው ወር መጨረሻ ላይ ማት ስተም የተባለ ሰው ለጨዋታው የዛሬውን ስም አወጣለት። በሴፕቴምበር 2000 አጠቃላይ መዝገብ ሲከፈት በዓለም ላይ የሚታወቁት ሣጥኖች 75 ብቻ ነበሩ፤ ዛሬ ከሦስት ሚሊዮን በላይ ሆነዋል።

ባለሙያ እነዚያን ቁጥሮች ሲያነብ አንድ ነገር ሳይታየው አያልፍም። ደቂቃው እስከ ሦስተኛው የአስርዮሽ ቤት ድረስ ተጽፏል። የአንድ ደቂቃ አንድ ሺህኛ በኬክሮስ በኩል 1.85 ሜትር ያህል ነው። መሣሪያው ግን በዚያን ጊዜ ቢበዛ ወደ 10 ሜትር ቢጠጋ ነው፤ የዛሬው የእጅ ስልክም ሰማዩ ወለል ብሎ በሚታይበት ሜዳ ላይ 5 ሜትር ያህል ይሳሳታል። እንግዲህ ቁጥሩ ከመሣሪያው ይልቅ ይኮራል ማለት ነው። ይህ ጉድለት የተጫዋቾቹ ብቻ አይደለም፤ በቢሮ መዛግብትም ሴንቲሜትር የማያውቅ መሣሪያ የሰጠው ቁጥር እስከ ሚሊሜትር ተጽፎ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው።

በሜዳ ላይ ይህ ልዩነት የሚያስከትለው ጉዳት የለም። 10 ሜትር መሳሳት ማለት ሣጥኑን ከዚህኛው ቁጥቋጦ ሥር ሳይሆን ከዚያኛው ሥር መፈለግ ማለት ነውና ጨዋታውን ያደምቀዋል እንጂ አያበላሸውም። ነገሩ የሚከብደው ተራራ ላይ ነው። ጨዋታውን የሚወዱት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚመርጡት ተራራን ነው፤ ከላብ በኋላ የተገኘ ሣጥን ከአውራ ጎዳና ዳር ከተገኘው ይልቅ ይጣፍጣልና። በመዝገባቸው ላይ ለየሣጥኑ ሁለት መለኪያ ይሰጣሉ፤ አንዱ ሣጥኑን ለማግኘት ያለውን ችግር፣ ሁለተኛው የመሬቱን አስቸጋሪነት የሚያሳይ ሲሆን ሁለቱም ከ1 እስከ 5 በግማሽ ግማሽ እያሉ ይወጣሉ። የመሬቱ መለኪያ 5 ሲሆን ልዩ መሣሪያ፣ ለምሳሌ ገመድ ወይም ጀልባ፣ ያስፈልጋል ማለት ነው። ይህ ጥሩ ልማድ ነው፤ ወደኋላም ይነሣል።

በተራራ ላይ መሣሪያው የሚያሳስትባቸው መንገዶች አሉ። ከሁሉ አስቀድሞ፣ የመሣሪያው ቀስት የሚያመለክተው ቀጥታውን ነው። «ቀሪው 300 ሜትር ነው» ሲል በመካከል ያለውን ሸለቆ አይቶ አይደለም። ካርታ የሚያነብ ሰው የኮንቱር መስመሮች ተጠጋግተው ሲያይ ጠመዝማዛውን መንገድ ይመርጣል፤ ቀስት የሚከተል ሰው ግን ወደ ገደሉ ያቀናል። ከዚህም በላይ፣ ከትልቅ ገደል ሥር የቆመ መሣሪያ ከሰማዩ ግማሹን አያይም። የሚያያቸው ሳተላይቶች ሁሉ በአንድ ወገን የተከማቹ ስለሚሆኑ የሚያወጣው ስፍራ ወደ ጎን ይንሸራተታል። አንዳንዱ ምልክት ደግሞ በቀጥታ ሳይሆን ከድንጋዩ ተመልሶ ስለሚደርሰው የተጓዘው ርቀት የረዘመ ይመስለዋል። ከፍታን በተመለከተ መሣሪያው ከአግድሙ ይልቅ የባሰ ይሳሳታል። በገደል አፋፍ ላይ ደግሞ የአግድም ስሕተት ብቻውን አይመጣም፤ 10 ሜትር ወደ ጎን መሳሳት 300 ሜትር ወደ ታች መሳሳት ሊሆን ይችላል።

ይህ በኢትዮጵያ ከየትም ይልቅ የሚታየው በሰሜን ተራሮች ነው። ከደባርቅ ተነሥቶ በሳንቃበር፣ በግጭና በጨነቅ የሚያልፈው የእግር መንገድ በብዙ ስፍራ ከገደሉ አፋፍ ጋር ጎን ለጎን ይሄዳል። ከላይ ጓሳና ጅባራ የበቀለበት ለጥ ያለ ደጋ፤ ከእግር በታች ደግሞ ቆላው። የጅንባር ውሃ ከአፋፉ ተወርውሮ 500 ሜትር ያህል ይወርዳል። እሜት ጎጎ ከሚባለው፣ ከ3,900 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ጉብ ላይ የቆመ ሰው በሦስት ወገን የሚያየው ባዶ አየር ነው። በዚያ ስፍራ በመሣሪያው ቀስት ብቻ የሚመራ ሰው ምን ሊገጥመው እንደሚችል ለዚህ ጉባኤ ማብራራት አያሻም።

ከዚህ ላይ የሙያው ባለቤቶች ብቻ የሚያውቁት ሌላ ወጥመድ አለ። በ1 ለ50,000 መጠን የተዘጋጁት የታወቁት የኢትዮጵያ ካርታዎች የቆሙት አዲንዳን በተባለው የጂኦዴሲ መሠረት ላይ ነው። የዚህ መሠረት መነሻ ነጥብ በኑቢያ ምድር በግብፅና በሱዳን ወሰን አካባቢ የሚገኝ ሲሆን፣ የምድር ቅርጽ የተወሰደውም ክላርክ 1880 ከሚባለው ኤሊፕሶይድ ነው። የሳተላይት መሣሪያ ግን ደብልዩ.ጂ.ኤስ. 84 በሚባለው ሌላ መሠረት ላይ ይሠራል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ሁለቱም አንድን ድንጋይ የሚጠሩት ግን በተለያየ ቁጥር ነው። በዩ.ቲ.ኤም. ግሪድ ሲነበብ በኢትዮጵያ ውስጥ የሁለቱ ልዩነት ከ200 ሜትር ይበልጣል፤ አብዛኛው በሰሜን አቅጣጫ፣ ቀሪው በምሥራቅ። 200 ሜትር በዚያ ካርታ ላይ 4 ሚሊሜትር ነው። የእርሳስ ጫፍ ትንሽ ወዲያ ቢል የሚሸፍነው ነው። በአፋፉ ላይ ግን እነዚያ 4 ሚሊሜትሮች ደጋና ቆላ ናቸው። አንድ ጎብኚ ከካርታው ላይ የእሜት ጎጎን ቁጥር አንብቦ፣ የመሣሪያውን መሠረት ሳይለውጥ፣ ጉም በወረደበት ማለዳ ቢነሣ፣ መሣሪያው በታማኝነት ወደማይቆምበት ስፍራ ይመራዋል። ካርታው አልዋሸም፤ መሣሪያውም አልዋሸም። ያልተጻፈው ነገር በቁጥሩ ጎን መጻፍ የነበረበት አንድ ቃል ነው።

በዚህ ረገድ ተጫዋቾቹ ከብዙ መሥሪያ ቤት ይሻላሉ ቢባል ሐሜት አይሆንም። በመዝገባቸው ላይ የሚወጣው ቁጥር ሁሉ በአንድ መሠረት፣ በደብልዩ.ጂ.ኤስ. 84፣ በአንድ ዓይነት አጻጻፍ እንዲሆን ከመጀመሪያው ተስማምተዋል። የከፍታን ነገር ደግሞ ራስ ደጀን ራሱ ይመሰክራል፤ በቀድሞ መጻሕፍት 4,620 ሜትር ሲባል የኖረው ተራራ በኋለኞቹ 4,550 ወይም 4,533 ሜትር ተብሎ ይገኛል። ተራራው አልዘቀጠም።

እስካሁን የተነገረው ስለ ፈላጊው ነፍስ ነው። ስለ መሬቱም መነገር አለበት።

አንድ ሰው ከመንገድ ወጥቶ ሣጥን ቢፈልግ ሣሩ በማግሥቱ ይቃናል። መቶ ሰው በአንድ መስመር ቢሄድ መንገድ ይሆናል። ከተራራ አናት በላይ ያለ አፈር ስስ ነው፤ በዚያ ላይ ዝናብ ሲወርድበት የእግር ዱካው ቦይ ይሆናል። ሣጥኑ ደግሞ አይታይምና ፈላጊው በስፍራው ሲደርስ በቀጥታ አያነሣውም፤ ዙሪያውን እየዞረ ድንጋይ ይገለብጣል፣ ቁጥቋጦ ይገልጣል። ከአሥር ሜትር ክብ ውስጥ ያልተነካ ድንጋይ አይቀርም። ተጫዋቾቹ ይህንን ራሳቸው ተገንዝበው ደንብ አውጥተዋል። ሣጥን ለመቅበርም ሆነ ለመፈለግ መሬት መቆፈር ክልክል ነው፤ የመጀመሪያው የኦሪገን ባልዲ ራሱ በከፊል ተቀብሮ ስለነበር በዛሬው ደንብ ተቀባይነት አያገኝም ነበር። በሁለት ሣጥኖች መካከል ቢያንስ 161 ሜትር መኖር አለበት። የመሬቱ ባለቤት ፈቃድም ያስፈልጋል።

ነገሩ ይበልጥ ጎልቶ የታየው በአሜሪካ ምሥራቅ በሚገኘው በአፓላቺያን የእግር መንገድ ነው። ይህ መንገድ በጆርጂያ ግዛት ከስፕሪንገር ተራራ ተነሥቶ በሜይን ግዛት እስከ ካታዲን ተራራ ድረስ በ14 ግዛቶች ውስጥ 3,500 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ሐሳቡን በ1921 ያቀረበው ቤንተን መካይ ሲሆን መንገዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተያያዘው በ1937 ነው። ይህንን ያስፈጸመው ማይረን ኤቨሪ የተባለ የሕግ ሰው በቅየሳ ታሪክ ውስጥ መጠቀስ የሚገባው ነው፤ አንድ የመለኪያ መንኰራኩር በፊቱ እየገፋ መንገዱን ሁሉ በእግሩ ሄዶ ለካው። ተራራ ላይ መንኰራኩር ገፍቶ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይረዳል። ከዚያም መንገዱ በዛፍና በድንጋይ ላይ በተቀባ ነጭ ምልክት እንዲታወቅ ተደረገ። ምልክቱ 5 ሴንቲሜትር ወርድና 15 ሴንቲሜትር ቁመት ያለው ሲሆን አንዱን ያለፈ መንገደኛ ብዙም ሳይርቅ ሌላውን ያገኛል።

እንግዲህ ሁለቱ ምልክቶች ይነጻጸሩ። ነጩ ቀለም መንገደኛውን በመንገዱ ላይ ያቆየዋል። የሣጥኑ ቁጥር ከመንገዱ ያወጣዋል። አንዱ እግርን ይሰበስባል፤ ሌላው ይበትናል። የአሜሪካ የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት በሚያስተዳድራቸው ስፍራዎች ያለ ፓርኩ ኃላፊ ፈቃድ ሣጥን ማኖርን የከለከለው በዚህ ምክንያት ነው፤ በሕጉም ዐይን የተተወ ሣጥን ባለቤት እንደሌለው የወደቀ ንብረት ይቈጠራል። ተጫዋቾቹ በጊዜው ቅር መሰኘታቸው አልቀረም። ቅሬታቸውም ፈጽሞ መሠረት የሌለው አይደለም፤ ብዙዎቹ ሲሄዱ ከመንገድ ላይ ቆሻሻ የሚለቅሙ፣ ከሣጥኑ ይልቅ ተራራውን የሚወዱ ናቸው። ይሁን እንጂ ነጥብን ለሕዝብ ያወጣ ሰው ከእርሱ በኋላ የሚመጡትን ሁሉ እንደ ራሱ ጥንቁቅ አድርጎ መገመት አይችልም።

መፍትሔው የመጣው ከቅየሳ ጎረቤት ከሥነ ምድር ሊቃውንት ነው። የአሜሪካ የጂኦሎጂ ማኅበር በ2004 «ኧርዝካሽ» የተባለ አዲስ ዓይነት አቋቋመ። በዚህ ዓይነት የሚሸሸግ ሣጥን የለም። ነጥቡ የሚያመራው ወደ አንድ የድንጋይ ንብብር፣ ወደ አንድ ፏፏቴ ወይም ወደ አንድ የተሰነጠቀ ገደል ነው፤ ፈላጊው እዚያ ቆሞ፣ አይቶ፣ ቈጥሮ፣ ለክቶ ጥያቄ ይመልሳል። የሚነሣም የሚገለበጥም ድንጋይ የለም። የሚገኘው ሀብት ዕውቀት ነው፤ ከስፍራው ተነቅሎም አይሄድም።

ይህ ዓይነት ለሰሜን ተራሮች የተሰፋ ልብስ ይመስላል። ፓርኩ በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት ከመጀመሪያዎቹ ስፍራዎች አንዱ ነው፤ ከ1996 እስከ 2017 ደግሞ አደጋ በተደቀነባቸው ቅርሶች መዝገብ ላይ ቆይቷል። ከሃያ ዓመት በላይ በዚያ መዝገብ የቆየ መሬት ከጅባራው ሥር የፕላስቲክ ሣጥን ሊሸሸግበት አይገባም። ድንጋዩ ግን የሚያስተምረው ብዙ ነው። ገደሉ ደረጃ ደረጃ ሆኖ የሚታየው ከሠላሳ ሚሊዮን ዓመት ገደማ ጀምሮ እየተደራረበ የፈሰሰው ባዛልት ስለሆነ፣ ከመንገዱ ሳይወጣ ከአንድ መመልከቻ ላይ ቆሞ ንብርብሩን መቁጠር ይቻላል። ጭላዳው የሚያድረው በየትኛው ደረጃ ላይ እንደሆነ፣ ዋልያው የሚወርደው በየትኛው በኩል እንደሆነ ከዚያው ይታያል። በፓርኩ ደንብ ጎብኚ ያለ ስካውት አይጓዝም። ስለዚህም በዚህ ተራራ ላይ፣ በዳርትሙር እንደነበረው ሁሉ፣ የአገሩን መሬት የሚያውቅ ሰው ከእንግዳው ጋር ይሄዳል። ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ነጥብ የሚመርጥ ባለሙያ ይህንን ሰው አስቀድሞ ሊጠይቀው ይገባል፤ የትኛው መመልከቻ በነሐሴ እንደሚያንሸራትት፣ የትኛው ጠርዝ ከሥሩ ተሸርሽሮ በአየር ላይ እንደተንጠለጠለ ሳተላይቱ አይነግርምና።

የጨዋታውን ውለታም አለመጥቀስ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። በአሜሪካ ከተሸሸጉት ሣጥኖች ሌላ ተጫዋቾቹ የሚፈልጉት አንድ ነገር ነበር፤ እርሱም የቅየሳ ምልክት ነው። የአገሪቱ የጂኦዴሲ መሥሪያ ቤት ካስመዘገባቸው ነጥቦች መካከል ከሰባት መቶ ሺህ በላይ የሚሆኑት በተጫዋቾቹ መዝገብ ላይ እንዲገቡ ተደርጎ ለብዙ ዓመታት፣ እስከ 2023 መግቢያ ድረስ፣ ሰዎች በየተራራው እየወጡ የነሐስ ምልክቶችን ፈልገዋል። «ተገኝቷል»፣ «ጠፍቷል»፣ «ተነቅሏል» እያሉ የላኩት ወሬም በመንግሥቱ መዝገብ ውስጥ የራሱ መለያ ተሰጥቶት እንዲገባ ተደርጓል። አንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ልኮ ሊያስፈትሸው የማይችለውን ያህል ብዙ ነጥብ ያለ አበል ተፈተሸ። ከእነዚያ አሮጌ ምልክቶች በብዙዎቹ ላይ ምልክቱን የነካ ሰው 250 ዶላር ወይም እስራት እንደሚጠብቀው ተቀርጿል። በኢትዮጵያ ደግሞ ከድንጋዩ ሥር ሀብት አለ ተብሎ የተቆፈረ የቅየሳ ምልክት ታሪክ ለዚህ ጉባኤ እንግዳ አይደለም። ገበሬው ፈረንጅና መሐንዲስ ከሩቅ መጥተው በብዙ ድካም በተራራ አናት ላይ የተከሉትን ነገር ከንቱ ነው ብሎ ማመን አልቻለም፤ ምን እንደሆነም የነገረው የለም። ባለሙያው ነጥቡን ሲተክል ለነጥቡ ጎረቤት አንድ ቃል ቢተው ኖሮ ስንቱ ምልክት ዛሬ በቆመ ነበር።

ለዚህ ሁሉ አዲስ ዘዴ መፍጠር አያስፈልግም፤ ሙያው ዘዴውን ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። ጂ.ፒ.ኤስ. ከመምጣቱ በፊት ቴዎዶላይት ተሸክሞ ተራራ የወጣ ቀያሽ ለእያንዳንዱ የትሪያንጉሌሽን ነጥብ አንድ የመግለጫ ወረቀት ይሞላ ነበር። በወረቀቱ ላይ ከቁጥሩ ሌላ የእጅ ንድፍ፣ ከየትኛው ከተማ እንደሚነሡ፣ ስንት ሰዓት በበቅሎ ስንት ሰዓት በእግር እንደሚያስኬድ፣ ውሃ የት እንደሚገኝ ይጻፍ ነበር። ቁጥር በቀላሉ የሚገኝ ሲሆን ይህ ወረቀት ቀስ በቀስ እየሳሳ ሄዶ፣ ዛሬ በብዙ መዝገብ ላይ የነጥብ ስምና ሦስት ቁጥር ብቻ ቀርቷል። የሣጥን ፈላጊዎቹ የመሬት አስቸጋሪነት መለኪያ፣ ከ1 እስከ 5 የሚወጣው፣ የዚያ ወረቀት የልጅ ልጅ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከመዝገቡ ቤት የጣልነውን የጨዋታ ሰዎች አንሥተው ይጠቀሙበታል።

ለምሳሌ ያህል በግጭ ካምፕ አካባቢ ላለ አንድ መመልከቻ የሚሞላ ወረቀት ይታሰብ። በመጀመሪያው መስመር ላይ ኬክሮስና ኬንትሮስ፣ ከጎኑም «ደብልዩ.ጂ.ኤስ. 84» የሚለው ቃል፤ በሥሩ ደግሞ ያው ነጥብ በአዲንዳን ካርታ ላይ የሚነበብበት ቁጥር። ቀጥሎ የተለካበት ቀንና የመሣሪያው ዓይነት፣ ስሕተቱም በሜትር። ቀጥሎ «ከካምፑ ተነሥቶ በተለመደው የእግር መንገድ፤ ቀስቱ ወደ ግራ ቢያመለክትም ከመንገዱ አይወጣም» የሚል። ቀጥሎ «ከአፋፉ አምስት እርምጃ ወደ ውስጥ ይቆማል፤ ጉም ሲወርድ አይሄድበትም፤ በክረምት ያንሸራትታል» የሚል። በመጨረሻውም መስመር ላይ ወረቀቱ ከመፈረሙ በፊት ስፍራውን አይቶ የተስማማው የስካውቱ ስም፣ ከቀያሹ ስም ጎን።